በደረቅ የተዋኘ ሁለት ክሬዲት

ጋሼ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ሰውዬው መኪና መንዳት ያስተምራል፤ የሚያስተምርባት መኪና በእሱ በኩል አንድ ትርፍ ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው እንዲይዝባት። ጋሼ ፍሬን ግን ተማሪው እስኪሳሳት የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ድመት ካየ ይረግጣል፤ ድመቷን ሳይሆን ፍሬኑን። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነም "ሊቀላ ነው" ብሎ ይረግጣል። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ሲያይ እንኳ ፊልሙ ውስጥ ያለው መኪና ኩርባ ላይ ከፈጠነ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይጫናል። ምንጣፉ በዚያ በኩል ሳስቶ ወለሉ መታየት ሲጀምር ሚስቱ አዙራ አነጠፈችው። አሁን በሌላው በኩል እየሳሳ ነው።

ይህ ሰው በወጣትነቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሂሳብ አያያዝ ይማር ነበር። የመጨረሻውን ዓመት ሊጀምር ሲል ሚስቱ አረገዘች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሱ ግን ያገባት ቀድሞ ነው፣ የቸገረው በኋላ ነው። ደብተሩን ዘግቶ መሪ ጨበጠ። ያቺ የተረገዘችው ልጅ ዛሬ ራሷ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሳለች። "አንቺ ትንሽ ዘግየት ብለሽ ብትመጪ ኖሮ እኔ ዛሬ የት በደረስኩ" እያለ ሲያሾፍባት ነው ያደገችው። ቀልድ ነው፤ ቀልድ መሆኑን እሱም እሷም ያውቃሉ። ግን ቀልድም ሲደጋገም ሰው ልብ ውስጥ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ሌላም የማይሰለቻት ወሬ አለችው። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ሐይቅ ዳር ለሽርሽር ሄደው፣ ውሃ ሊወስዳት ሲል ከነጫማው ከነኮቱ ዘሎ ገብቶ እንዴት እንዳወጣት። ይህችን የማትነገረው ተማሪ የለም። ቀይ መብራት ላይ ይጀምራታል፤ አረንጓዴ በርቶም አይጨርሳትም፤ የሚያስቆመው ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ነው።

እንግዲህ የልጅቷ ዩኒቨርሲቲ "ትምህርታቸውን ያቋረጡ ሰዎች የድሮ ክሬዲታቸውን አዛውረው መጨረስ ይችላሉ" የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ያመጣችለት እሷው ናት።

"አባዬ፣ ክሬዲትህ በሙሉ ከተዛወረ የሚቀርህ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ማታ ማታ ትማራለህ፤ አብረን እንመረቃለን" አለችው። "ከዚያ በኋላ በእኔ ማመካኘት አበቃ።"

ጋሼ ፍሬን ሳቀ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆየት አለ። ሲወጣ ዐይኑ ቀልቷል፤ ሳሙና ነው አለ። ሚስቱ ሳሙና ካለቀ ሁለት ቀን እንደሆነው ታውቅ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰውዬው በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ ጋውን ለብሶ ከልጁ ጎን መቆም።

ክሬዲት ማዛወር ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ነገሩ ግን ቤት እንደ መቀየር ነው። የድሮ ቤትህን ቁም ሳጥን ተሸክመህ ትመጣለህ፤ አዲሱ ቤት በር ላይ ሜትር ይዞ የሚጠብቅህ ሰው አለ። ትራንስክሪፕት ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ትምህርት ምን ምን እንዳስተማረ፣ በምን እንዳስተማረ የሚገልጽ ወረቀት ይቀርባል፤ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይታያል፤ ከተመሳሰለ ያልፋል፣ ካልተመሳሰለ በር ላይ ይቀራል።

የሬጅስትራሯ ሠራተኛ ቀጠን ያለች፣ እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ እስክሪብቶ የምትፈልግ ወጣት ነበረች። የሂሳብ አያያዙን አሳለፈችለት። ስታትስቲክሱን አሳለፈችለት። ፍልስፍናውን ሳታነበው አሳለፈችለት፤ የጻፈው ሰውም ያነበበው አይመስልም ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት ወረቀት ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይቺ የአትክልት ትምህርት ናት?"

"የትኛዋ?"

"'ለትምህርቱ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፤ አግዳሚ ወንበር፣ የአትክልት ውሃ ማጠጫ' ትላለች።"

"እሷማ ዋና ናት" አለ ጋሼ ፍሬን።

እውነቱን ነው። የድሮው ዩኒቨርሲቲ መዋኛ ገንዳ ሊሠራ አስቦ ጉድጓዱን አስቆፍሮ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። ትምህርቱ ግን ቀድሞ ጸድቋል። የስፖርት መምህሩ ደግሞ ጸድቆ የመጣን ትምህርት የሚያስታጉል ሰው አልነበረም። ከመመገቢያ አዳራሹ አግዳሚ ወንበሮች አስወጣ፤ ተማሪዎቹን በሆዳቸው አስተኛ፤ "ክንድ፣ ክንድ፣ አፍ ወደ ጎን" እያለ በመካከላቸው ይመላለስ ጀመር። ኋላ ላይ ውሃ እንዳያስደነግጣቸው ብሎ በአትክልት ማጠጫ ማጅራታቸውን ያርሰው ነበር። ከአግዳሚው የወደቀ ተማሪ እንደሰጠመ ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል። አንድ ደልደል ያለ የክፍል ጓደኛቸው ተማሪ ቤት እስኪለቅ በየዓመቱ ይሰጥም ነበር። ጋሼ ፍሬን ግን ኤ አገኘ። መምህሩ በሕይወቱ እንደዚህ ልጅ በደረቅ መሬት ላይ የሚንሳፈፍ አላየሁም ብሎ መስክሮለታል።

ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ አፏን በእጇ ከድና ሰማች።

"እና ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?"

"ለመታጠብ?"

"ለመዋኘት።"

"አንድ ጊዜ ልጄን ላወጣ ገብቻለሁ።" ወዲያው ነገሩ እያመለጠው መሆኑ ገባው። "ቆይ፣ ላሳይሽ" አለና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ተራ የሚጠብቁትን ተማሪዎች ከአግዳሚው አስነሳ፤ ኮቱን አውልቆ ለአንዷ አስያዘ፤ በሆዱ ተኛ። ክንድ፣ ክንድ፣ አፍ ወደ ጎን። እግሮቹ እንደ መቀስ ይከፈታሉ ይዘጋሉ፤ ወንበሩ ቅንጣት አይነቃነቅም። ሰልፈኛው አጨበጨበለት። ጥበቃው ሰው ታመመ ብሎ እየሮጠ መጣ፤ መጥቶ ሲያይ እሱም ትንሽ ቆሞ አየ።

"በጣም ጥሩ ነው ጋሼ" አለች ሠራተኛዋ። "ግን ውሃ የለውም።"

ፍርዱ በሳምንቱ መጣ። ሌላው ሁሉ ተዛውሯል። ዋና ግን በዚህ ዩኒቨርሲቲ ማንም ሳያልፋት የማይመረቅባት የሁለት ክሬዲት ትምህርት ናት፤ በአግዳሚ አትዛወርም። የዘንድሮው ክፍል ሞልቷል። ወይ የሚመጣውን ዓመት ጠብቆ ከአዲስ ገቢዎች ጋር ይማራል፤ ወይ ሳይማር ተፈትኖ ያልፋል። ፈተናው ዓመቱ አጋማሽ ላይ አንዴ፣ ምርቃት ሲቃረብ አንዴ ይሰጣል፤ ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ መዋኘት ነው።

"ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋሁትን ውሃ በላው በይኛ" አለ ቤቱ ገብቶ።

ልጁ ሻይ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰባት።

"ፈተናው ከባድ ነው አባዬ" አለች ጠረጴዛውን እየጠረገች። "እግር ወለል መንካት የለበትም። ግድግዳ መያዝ አይቻልም። ሲጀመር ውሃው ደረት ድረስ ነው፣ መሃል ላይ አንገት ይደርሳል፣ ጫፉ ጋ ከራስ በላይ ነው። ወለሉ ሰማያዊ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታወቅም።"

"አየሽ" አለ ጋሼ ፍሬን ለሚስቱ፣ "ልጄ የማታውቀው ነገር የለም።" ሚስቱ ልጅቷን አየቻት፤ ልጅቷ ጨርቁን አየችው።

በማግስቱ ሰውዬው ከበረንዳ አግዳሚውን ጎትቶ ሳሎን መሃል አስገባ። ሚስቱ የታጠበ ልብስ ይዛ ስታልፍ በላዩ ትራመዳለች። "አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል?" አለችው። ልምምድ ላይ ነኝ አላት። ካልቀረማ በደንብ ነው ብላ የአበባ ማጠጫዋን አመጣች። በሥርዓት ማጅራቱን ማጠጣት ጀመረች፤ ከማጅራቱ ወደ ጆሮው፣ ከጆሮው ወደ አንገትጌው።

"ቀስ በይ እንጂ!"

"ይህቺን ቀን ስመኛት ነው የኖርኩት" አለች ሚስቱ፣ ማጠጫውን ልትሞላ እየሄደች።

አግዳሚው ላይ እንደድሮው ንጉሥ ነበር። ገንዳው ዳር ሲደርስ ግን ሐሞቱ ፈሰሰ። ለመሆኑ ዋና የምታስተምረውና የምትፈትነው ሰው ማን ሆና ተገኘች? የእሱው ተማሪ። ተማሪዎቹ ሁሉ መንጃ ፈቃድ አውጥተው ሄደው እሷ ብቻ ዓመት ከመንፈቅ አብራው የቆየች፣ መሪ ስትጨብጥ ጣቶቿ ነጭ የሚሆኑ፣ መታጠፊያ ሲመጣ ዐይኗን የምትጨፍን ዋናተኛ። "መኪና በወሬ አይነዳም የኔ ልጅ" እያለ ስንት ጊዜ አሳፍሯታል። ዛሬ እሷ በመዋኛ ልብስ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቁልቁል እያየችው ነው።

"ሰማሁ ጋሼ" አለች ዋናተኛዋ። "አግዳሚ ላይ ኤ አለዎት አሉ።"

ጋሼ ፍሬን ዳር ዳር አለ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው አለ። አንቺም እኔ ዘንድ ትመጫለሽ፣ እኔም ይኸው አንቺ ዘንድ መጣሁ አለ።

"እኔ በስጦታ የተሰጠኝ መንጃ ፈቃድ ይዤ መንገድ ብወጣ ደስ ይልዎታል?" አለችው።

"እግዜር ያውጣን" አለ ከልቡ።

"እንግዲያው ይማሩ። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት አስተምርዎታለሁ። ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። መኪና ውስጥ ስንሆን ቀኝ እግርዎን ጫማ አውልቀው፣ አጥፈው፣ ከሥርዎ አድርገው ይቀመጡበት።"

"ለምን?"

"ፍሬን እንዳይዙብኝ።"

ሌላውን ሰው እግርህን አጥፈህ ተቀመጥበት ቢሉት ይህን ያህል አይከብደውም። ለጋሼ ፍሬን ግን ነፍሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ ና ከማለት አይተናነስም። ሆኖም ጋውኑ ታየው፤ ሜዳው ታየው፤ የልጁ ትከሻ ታየው። እሺ አለ።

በዚህ ዓይነት ሁለት ሰዎች ተራ በተራ መሸበር ጀመሩ። ጠዋት እሱ ነው። ደረጃውን ይዞ ወደ ውሃው ሲወርድ፣ መኪና ውስጥ "አንቺ" የሚላት ልጅ ውሃው ጉልበቱ ሲደርስ "አንቱ"፣ ደረቱ ሲደርስ "እመቤቴ" ትሆናለች። ክንዱ እንከን የለውም። ግራ እግሩም ደህና ነው። ቀኝ እግሩ ግን ሁለቴ ከመታ በኋላ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይዘረጋል፤ ሰውዬውም በእሱ ዙሪያ እንደ በር ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ታች ነው።

"እግርዎ ምን እየሠራ ነው?" አለችው አንገትጌ ስለሌለው በክንዱ ጎትታ እያወጣችው።

"ፍሬን እየያዘ" አለ ውሃ እየተፋ።

"ውሃ ውስጥ ማን ሊገጭዎት ነው?"

ጋሼ ፍሬን ግራና ቀኙን አየ።

ከሰዓት ደግሞ ተራው የእሷ ነው፤ ምንም እንኳ የሚያልበው እሱ ቢሆንም። እግሩን አጥፎ ተቀምጦበት፣ ጫማ የሌለው ካልሲው ከሥሩ እየታየ፣ አደባባይ ሲመጣ ስሙን የሚያውቀውን ቅዱስ ሁሉ ይጠራል። በመጀመሪያው ቀን አደባባዩን ዞራ፣ ዞራ፣ እንደገና ዞራ መውጫው ጠፋት። እሱም አልያዘላትም፤ የሚይዝበት እግር የለውማ። በመጨረሻ ራሷ አየች፣ ራሷ ጠቋሚ መብራት አበራች፣ ራሷ ወጣች። ጥግ ይዛ ስታቆም ዐይኗን ገልጣ ነበር። ያን ጊዜ ጋሼ ፍሬን አንድ ነገር ገባው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺን መኪና የነዳው እሱ ነው። ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ መሪ ይዛ ተሳፋሪ ነበረች። ይህ ሐሳብ ብዙ አላስደሰተውም፤ ደንዝዞ የቆየ እግሩን አሸ።

የአጋማሹ ፈተና ቀን ሚስቱ ፎጣ ይዛ፣ ልጁ ቦርሳውን ይዛ አብረውት መጡ። ሚስት ገንዳው አፋፍ ድረስ ሄዳ ቆመች። ልጅቷ ከኋላ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ቀረች። ጋሼ ፍሬን ይህን ልብ አላለም፤ የራሱ ጉድ በዝቶበታል።

ፊሽካው ተነፋ። ክንድ፣ ክንድ፣ አፍ ወደ ጎን። እስከ መሃል ድረስ ያየው ሁሉ ተገረመ። መሃል ላይ ግን ቀኝ እግር የድሮ ነገሩ ተነሣበት፤ ቀጥ አለ። ሰውዬው መዞር ጀመረ። አንድ ጊዜ ጠለቀ፣ ወጣ፤ ዐይኑ ፈጦ የድሮው መምህር ታየው፣ "ሰጥሟል" ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶ እያወጣ።

"ክንድ!" አለች ሚስቱ ከአፋፉ። ሳሎኗ ውስጥ ወራት ሙሉ የሰማችው ነገር ነው፤ በእንቅልፏም ታውቀዋለች። "ክንድ! አፍ ወደ ጎን! እግርህን አንሣ አንተ ሰውዬ፣ ምንጣፍ የለም!"

ተራ የሚጠብቁት አዲስ ገቢዎች ተቀበሏት። አዳራሹ በሙሉ "ክንድ፣ ክንድ፣ አፍ ወደ ጎን" አለ። ቀኝ እግሩ ከመሐላው እንደተፈታ ሰው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ መታ፤ ደግሞ መታ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ደረጃውን አቅፎ አለቅም አለ። ዋናተኛዋ አልፈዋል አለችው። አምናለሁ አለ፣ አልለቀቀም። ሚስቱ ምሳ ሰዓት እንደሆነ ስትነግረው ነው የወጣው።

"ከአሁን በኋላ" አለ ፎጣ ተከናንቦ፣ "ውሃ የማየው ብርጭቆ ውስጥ ነው። ቁርጥ።"

ሁለቱ ክሬዲት ተመዘገበለት። የሬጅስትራሯ ሠራተኛ እጇን ሰጠችው፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን አግዳሚም እያሳየች "ባለውለታዎን ይሰናበቱት" አለችው። ሰውዬው የማታ ትምህርቱን እየተማረ፣ ቀን ፍሬኑን እየያዘ፣ አንዳንዴም ሳይዝ፣ ወራቱን ገፋ። ዋናተኛዋም መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ምርቃት ደረሰ። ጋሼ ፍሬን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ለጋውን ተለካ። ልጁን "አንቺስ ተለካሽ?" ሲላት "ደርሶ ነው?" ትላለች። ሌላ ቀን ሲጠይቃት ራሷን ታማለች። ሦስተኛ ሲጠይቃት እናቷን ትጠራለች።

አንድ ቀን ተማሪ ቀርቶበት በእኩለ ቀን ቤቱ ገባ። ሳሎን መሃል አግዳሚው አለ። ልጁ በሆዷ ተኝታበታለች፤ ማጠጫው ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ፀጉሯ በውሃ ርሷል፤ ፊቷ ግን በውሃ አይመስልም። "ክንድ፣ ክንድ" ትላለች እያነባች። ቀና ብላ ስታየው ደንግጣ ወደቀች።

"ሰጠምኩ" አለች ከወለሉ ላይ።

ጋሼ ፍሬን ሳያወልቅ ከነኮቱ አጠገቧ ቁጭ አለ። ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ዋናን አንደኛ ዓመት ላይ "ሁለተኛ ዓመት እወስደዋለሁ" አለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሦስተኛ አለች። የአጋማሹን ፈተና አባቷ ሲዋኝ እሷ ግድግዳ ተደግፋ አሳለፈችው። አሁን የቀራት የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነው፤ እሱም ሊመጣ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተም ዋና ሲጎድልህ፣ አትቆጣኝና፣ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "ሁለታችንም እንቀራለን፣ ካንተ ጋር መቅረት አያሳፍርም ብዬ። ከዚያ ሄደህ ዋኘህ።"

ጋሼ ፍሬን ሊስቅ አልቻለም። "እኔ እቆይሻለሁ" አለ። "የሚመጣው ዓመት አብረን እንመረቃለን። ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅኩ ሰው አንድ ዓመት ምን ይለኛል?"

"አትቆየኝ። ይኼም እኮ ፍሬን ነው አባዬ።"

"ቆይ" አለ፣ "ውሃ የምትፈሪው ያኔ ሐይቁ ሊወስድሽ ሲል ነው አይደል? ያ ድንጋጤ አለቀቀሽም።"

ልጅቷ አየችው። ብዙ ጊዜ ልትናገረው ፈልጋ የተወችው ነገር እንደሆነ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

"ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነበር አባዬ" አለች። "ትናንሽ ዓሦች እያየሁ ነበር። ምንም አልሆንኩም። አንተ እየጮህክ ከነጫማህ መጥተህ ስታነሣኝ ነው የፈራሁት። አባዬ እንዲህ ከፈራው በጣም መጥፎ ነገር ነው ማለት ነው ብዬ።"

ሰውዬው ያቺን ወሬ ስንት ቀይ መብራት ላይ እንዳወራት አሰበ። ቀኝ እግሩን አየው። ምንጣፉን ተጭኖ ነበር፤ አነሣው። ልቡ ታመመ፤ በዚያው ላይ፣ እውነት ለመናገር፣ የሚወዳትን ወሬ በማጣቱም አዘነ።

"ተነሺ" አለ። "ይሄን አግዳሚ ወደ በረንዳ እንመልሰው። ውሃ በዚህ አይለመድም፤ ኤ ያገኘሁበት እኔ ነኝ የምነግርሽ።"

"ቁርጥ" ያለው ሰውዬ በማግስቱ ጠዋት ገንዳ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ውሃው ደረት በሚደርስበት በኩል ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እግራቸውን ብቻ አስገብተው፣ ምንም ሳያደርጉ። ዓሣ የለም እንጂ ዓሣ እንደሚያይ ሰው ቁልቁል አዩ። በሌላ ቀን ወገባቸው ገባ። እሱ አስተማሪ ልሁን አላለም፤ ማስተማሩን ለዋናተኛዋ ትቶ ከጎን ቆሞ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ራሱ ከዋና በላይ አደከመው። አንድ ቀን ልጅቷ ጠልቃ ስትወጣ ሁለቱም እጆቹ ወደፊት ሄደው ነበር፤ ዋናተኛዋ "እግርዎን እንዳጠፉት እጅዎንም ያጥፉት" ስትለው ብብቱ ሥር ከተታቸው።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ዋናተኛዋ በራሷ መኪና መጣች፤ አንዱን ጎማ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሰቅላ አቆመች፣ ቢሆንም ራሷ ነች ያቆመችው። ለፈሪ ተፈታኝ አንድ ቤተሰብ ውሃ ውስጥ መቆም ይችላል፤ መንካት ግን ክልክል ነው፤ ከነካ ፈተናው ይፈርሳል አለች። ጋሼ ፍሬን ገባ። አንገቱ ድረስ እስኪመጣ ሄደ፤ ከዚያ በላይ መቆም አይችልም። መሃል ላይ ራሱ ብቻ እየታየ፣ እጆቹን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆመ። ሚስቱ አፋፉ ላይ ነበረች፤ አሁንም ፎጣ ይዛለች፤ ዛሬ ሁለት ነው።

ፊሽካው ተነፋ። ልጅቷ ከግድግዳው ተለየች። እንደ አባቷ የአግዳሚ ጌታ አልነበረችም፤ ክንዷ ይጣመማል፣ እግሯ ይንቦጫረቃል፣ አፏን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ሰማይ ነው የምታወጣው። ግን መጣች። መጣችና አጠገቡ ደረሰች፤ ዐይኗ ፈጥጦ አየችው፤ እጁን ቢዘረጋ ጉንጯን በሚነካበት ርቀት ላይ ነበረች። አልዘረጋም። አለፈችው፤ እሱ ሊቆም ወደማይችልበት፣ ከራስ በላይ ወደሆነው ውሃ ገባች።

ያኔ አንድ ጊዜ ጠለቀች። ጋሼ ፍሬን እጁን አልላከም፣ አልጮኸምም። ቀኝ እግሩ ግን፣ ከብዙ ዘመን ልማዱ የተነሣ፣ የገንዳውን ሰማያዊ ወለል ባለው ኃይል ረግጦ ያዘ፤ እስከ ጭኑ ድረስ እስኪንቀጠቀጥ ያዘ። ደግነቱ ያ ወለል ከምንም ጋር አልተያያዘም። ልጅቷ ብቅ አለች፣ ተነፈሰች፣ ሄደች።